የፈልሳፊው ድርሻ ስንት ነው?

ሰው በእጁ የሠራውን ዕቃ ሲሸጥ ክርክር የሚነሣው በዋጋው ላይ ብቻ ነው። አናጢው ወንበሩን፣ ሸማኔው ጋቢውን፣ ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ አውጥቶ ዋጋውን ይቀበላል፤ ገዢውም ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ጕዳይ በዚያው ይፈጸማል። በልቡና ታስቦ የተገኘ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሐሳብ ለሌላ ሰው በተሰጠ ጊዜ ከሰጪው ዘንድ አይጠፋም፤ ከተቀባዩም ዘንድ እንደ ተሰጠው ሆኖ አይቀመጥም፤ ይባዛል፤ ትርፍ ያመጣል፤ ሰጪውና ተቀባዩ ካለፉ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። እንግዲህ ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ከሐሳቡ በተገኘው ሀብት ላይ ምን ያህል ድርሻ አለው? ድርሻውስ እስከ መቼ ይዘልቃል? ከእርሱ ጋር የደከሙት ረዳቶች፣ ደመወዙን የከፈለው መሥሪያ ቤት፣ ግብር የከፈለው ሕዝብስ ምን ይገባቸዋል? ይህ ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን ፍርድንና ሕሊናን የሚመለከት ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄው ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በገጠር ላም ያለው ሰው የሚጠብቅለት ወይም ግጦሽ ያጣ እንደ ሆነ ላሙን ለጎረቤቱ በየርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ያበላታል፤ ያጠጣታል፤ ከአውሬ ይጠብቃታል፤ ላሚቱ የወለደችውን ግን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። መሬት ያለው ሰውና በሬ ያለው ሰውም በእኩል ወይም በሲሶ ተስማምተው ያርሳሉ። በእነዚህ ውሎች ውስጥ ያለውን ማስተዋል ልብ እንበል። የላሚቱ ጌታ ላሚቱን አልሸጠም፤ ጠባቂውም በደመወዝ አልተቀጠረም፤ ሁለቱም የተዋዋሉት ገና ስላልተወለደው ጥጃ ነው። ጥጃው ቢበዛ ሁለቱም ይደሰታሉ፤ ላሚቱ ብትመክን ሁለቱም ያዝናሉ። በዛሬው የንግድ ቋንቋ «ሮያሊቲ» የሚባለው ክፍያ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፈልሳፊው ግኝቱን ለኩባንያ ይሰጣል፤ ኩባንያው ያመርታል፤ ይሸጣል፤ ከሽያጩም በውሉ መሠረት ለፈልሳፊው ድርሻውን ያወጣል።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ስለሚገለጥ፣ በዩናይትድ ስቴትስ የተፈጸመ አንድ ታሪክ እናነሣለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ጌንስቪል በምትባል ከተማ ባለው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ካድ የሚባል የኵላሊት ሐኪም ያስተምርና ይመራመር ነበር። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኞች አንዱ ለሐኪሞቹ አንድ ጥያቄ አቀረበ። የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ኳሱ በእጅም የሚያዝበት፣ ተጫዋቾቹም ከባድ መከላከያ ለብሰው የሚጋፉበት ጨዋታ ነው፤ የፍሎሪዳም ሙቀት ብርቱ ነው። አሠልጣኙ የጠየቀው ነገር ተራ የሚመስል ነበር። ተጫዋቾቹ በጨዋታ ጊዜ ብዙ ኪሎ እየቀነሱ ሽንት የማይሸኑት ስለ ምንድን ነው? አለ። ካድም ዳና ሻየርስ፣ ጄምስ ፍሪና አሌሃንድሮ ዴ ኬሳዳ ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር ነገሩን ይመረምር ጀመር። ዋናው አሠልጣኝ ስለ ፈቀደላቸው ከጀማሪዎቹ ተጫዋቾች ላባቸውንና ደማቸውን እየወሰዱ መረመሩ። በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም መሆኑን፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ማነሱን፣ የደማቸውም መጠን መቀነሱን ተረዱ። እንግዲህ የወጣውን መመለስ ያስፈልግ ነበርና ውሃን ከጨውና ከስኳር ጋር ቀላቅለው መጠጥ አዘጋጁ። መጠጡ ለጤና ቢበጅም ለአፍ የማይጥም ሆነ። በዚህ ጊዜ የካድ ሚስት ሜሪ የሎሚ ጭማቂ ቢጨመርበት ይሻላል ብላ መከረች፤ ምክሯም ተደመጠ።

ቡድኑ በዩኒቨርሲቲው ቅጽል ስም «ጌተርስ» ማለትም አዞዎቹ ይባል ስለ ነበር መጠጡ «ጌቶሬድ» ተባለ። በ1965 ዓ.ም. በጥቅምት መጀመሪያ ቡድኑ ይህን መጠጥ እየጠጣ በብርቱ ሙቀት የሉዊዚያናን ቡድን 14 ለ7 አሸነፈ። በጥር 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ «ኦሬንጅ ቦውል» በሚባለው ታላቅ ውድድር የጆርጂያ ቴክን ቡድን 27 ለ12 በረታ ጊዜ የመጠጡ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

ገንዘብ በሚገኝበት ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ካድ መጠጡን አስቀድሞ ለዩኒቨርሲቲው አቅርቦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያን ጊዜ ነገሩን የሚፈልገው ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ፈልሳፊዎቹ በ1967 ዓ.ም. ስቶክሊ ቫን ካምፕ ከሚባል፣ አትክልትና ፍራፍሬ በቆርቆሮ እያሸገ ከሚሸጥ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው መጠጡን ሊያመርትና ሊሸጥ፣ ለፈልሳፊዎቹም ከሚሸጠው ላይ ድርሻ ሊከፍል ተስማማ። ድርሻቸውንም ለማስተዳደር «የጌቶሬድ ትረስት» የተባለ የባለአደራ ድርጅት ተቋቋመ።

መጠጡ መሸጥ በጀመረና ገንዘቡ በገባ ጊዜ ግን ሌሎች ባለመብት ነን ባዮች ተነሡ። ዩኒቨርሲቲው «ሐኪሞቹ የእኛ ሠራተኞች ናቸው፤ የተመራመሩት በእኛ ቤተ ሙከራ ነው፤ የተመረመሩትም የእኛ ተማሪዎች ናቸው» አለ። የፌዴራል መንግሥትም የካድ ምርምር ከመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚረዳ ስለ ነበረ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ነገር ለሕዝብ ሊሆን ይገባል የሚል ጥያቄ አቀረበ። ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ በ1972 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ከሮያሊቲው ገንዘብ ከመቶ 20 እጅ ለዩኒቨርሲቲው እንዲሆን፣ የቀረው 80 እጅ በትረስቱ እንዲቆይ ተወሰነ።

አሁን ፍርዱን ለራሳችን እንመርምረው። ከተከራካሪዎቹ የማናቸው ቃል እውነት ነበር? እኛ እንደምናየው የሁሉም ቃል እውነት ነበረበት፤ የሁሉም ቃል ደግሞ ከፊል ነበር።

ፈልሳፊው «ዐሳቡ የእኔ ነው» ሲል ልክ ነው። ጥያቄውን ሰምቶ ለማወቅ የደከመው፣ በባልደረቦቹ ፊት መሳቂያ መሆንን ሳይፈራ የጨው ውሃ የቀላቀለው እርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲቀርብለት ያልፈለገውን ነገር ከተሳካ በኋላ «የእኔ ነው» ማለቱም የሚያሳፍር ይመስላል፤ የከሳችውን ላም አልረባም ብሎ የተወ ሰው በወለደች ጊዜ ወተት ሊለምን እንደ መምጣት ነውና። ነገር ግን በሌላ በኩል ብናየው፣ ካድ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ባያስተምር ኖሮ አሠልጣኙ ባላገኘው፣ ጥያቄውም ባልተጠየቀ፣ ተጫዋቾቹም ለምርመራ ባልቀረቡ ነበር። ሰው ብቻውን የሚያስበው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ሰው፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት የተከፈተለት ሰው፣ «ያሰብኩት ብቻዬን ነው» ቢል ያሳደገውን መሬት የማያውቅ ዛፍ ይሆናል።

የመንግሥትም ቃል የሚናቅ አልነበረም። ግብር የከፈለው ሠራተኛና ገበሬ የምርምሩን ወጪ ከፍሎ፣ የምርምሩን ፍሬ ደግሞ በጠርሙስ እንደገና የሚገዛ ከሆነ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ1980 ዓ.ም. «ቤይ ዶል» የተባለው ሕግ ወጣ። ሕጉም በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በተደረገ ምርምር የተገኘውን ፈጠራ ዩኒቨርሲቲዎች ባለመብት ሆነው እንዲይዙት፣ ከሚያገኙትም ሮያሊቲ ለፈልሳፊው እንዲያካፍሉ ወሰነ። ሁሉም በዚህ ፍርድ አይስማማም፤ ቢሆንም ሕጉ አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፤ ሰዎቹ ከመጣላታቸው በፊት ድርሻቸውን አስታውቋቸዋል።

ስለ ኩባንያውም ፍርድ እንስጥ። በእንዲህ ያለ ታሪክ ኩባንያውን እንደ ቀማኛ መቍጠር የተለመደ ነው። ነገር ግን መጠጡ በጌንስቪል በአንድ በርሜል ውስጥ ሳይቀር ወደ ዓለም የወጣው ፋብሪካ የሠራ፣ ጠርሙስ ያዘጋጀ፣ መኪና ያሰማራ፣ ለማስታወቂያ ገንዘብ ያወጣ፣ ቢከስርም ኪሳራውን ሊሸከም የተዘጋጀ ድርጅት ስለ ተገኘ ነው። ላሚቱን የሚያግድ ከሌለ ጥጃም የለም። ኩባንያው የሚወቀሰው በማትረፉ ሳይሆን ካተረፈ በኋላ የትርፉን መነሻ የረሳ እንደ ሆነ ነው።

የሮያሊቲ ውል ከሌላው ሽያጭ የሚለየውም በዚህ ነው። ስቶክሊ ቫን ካምፕን በ1983 ዓ.ም. ኴከር ኦትስ የሚባል ኩባንያ ገዛው፤ ኴከርን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ፔፕሲኮ ገዛው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ ውሉ ግን ከመጠጡ ጋር አብሮ ተሻገረ። ካድ በ2007 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከሮያሊቲው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ተነገረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላላው የሮያሊቲ ክፍያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ማለፉ ተዘገበ። የመጀመሪያዎቹን ተዋዋዮች ፊት አይተው የማያውቁ የኩባንያ ሹማምንት ይህን ሁሉ ዓመት የከፈሉት ቸር ስለ ሆኑ አይደለም፤ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህ ውል ባይኖር ምን ይሆን እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሌላ መጠጥ ታሪክ ይመልከት። በ1886 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ ጆን ፔምበርተን የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ኮካ ኮላን ቀመመ። ስሙን ያወጣለትና ዛሬ በጠርሙሱ ላይ የምናየውን የጽሕፈት ቅርጽ የጻፈለት የሒሳብ ሠራተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ነበር። ፔምበርተን በሽተኛና ገንዘብ ያጠረው ሰው ስለ ነበረ መብቱን እየከፋፈለ ለተለያዩ ሰዎች ሸጠ፤ በ1888 ዓ.ም. በነሐሴ ወርም ሞተ። ኤሳ ካንድለር የሚባል ነጋዴ የተበተነውን መብት ሁሉ በጠቅላላው 2,300 ዶላር ያህል አውጥቶ ሰበሰበ። ያው ኩባንያ በ1919 ዓ.ም. በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፔምበርተን ግን አንድ ጊዜ ፈጽሞ የሸጠ ሰው ስለ ነበረ ከዚህ ለእርሱም ሆነ ለወራሾቹ የሚቈጠር ድርሻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ በአርቆ አለማሰብ የሚሳሳተው ድኻው ፈልሳፊ ብቻ ነው አንበል። ያው ካንድለር በ1899 ዓ.ም. መጠጡን በጠርሙስ አሽጎ የመሸጥን መብት ቤንጃሚን ቶማስና ጆሴፍ ኋይትሄድ ለሚባሉ ሁለት የሕግ ሰዎች በ1 ዶላር ሰጠ፤ ለውሉም የጊዜ ወሰን አላደረገለትም። በጠርሙስ የሚሸጥ መጠጥ ይህን ያህል ይበዛል ብሎ አላሰበም ነበር። በኋላ የስኳር ዋጋ በተወደደ ጊዜ ኩባንያው ውሉን ለመለወጥ ፈልጎ ከጠርሙስ ሞዪዎቹ ጋር ብዙ ተሟገተ። ከዚህ የምንማረው ሻጩም ገዢውም በውል ቀን ዕውሮች መሆናቸውን ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ነገን የማያውቁ ሁለት ሰዎች በቅንነት ሊዋዋሉ የሚችሉት «የሚመጣውን ምንም ይሁን ምን እንካፈል» ቢሉ ነው። ድርሻ ከዋጋ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በጠረጴዛው ዙሪያ ስለ ተቀመጡት ነው። ነገር ግን በየትኛውም ውል ላይ ስማቸው የማይገኝ ሰዎች አሉ። ላባቸውንና ደማቸውን የሰጡት ወጣት ተጫዋቾች፣ ጥያቄውን ያነሣው አሠልጣኝ፣ ሎሚውን ያሰበችው ሴት ድርሻቸው ስንት ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ግኝትም እንደዚሁ ሃምሳ ሎሚ ነው፤ ሃምሳ ሰዎች አንዳንድ ይዘው ይመጣሉ፤ በውሉ ላይ ግን ሃምሳውንም የተሸከመ አንድ ሰው ይመስላል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሰምተው «እንግዲያስ ላንዲት ሎሚ ምክር ገንዘብ ይከፈል ወይ?» ይሉ ይሆናል። እኛ እያንዳንዱ ምክር በገንዘብ ይመዘን አንልም። ምክር ሁሉ የሚሸጥ ቢሆን ሰው ለሰው መምከርን ይተዋል፤ ባልደረባ ከባልደረባው ዐሳቡን ይደብቃል፤ መምህር ተማሪውን እንደ ሌባ ይጠረጥራል። ይህ ከድህነት የከፋ ድህነት ነው። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አካሉን ለምርመራ የሰጠ ሰው ምን እየተደረገ እንዳለና ምን ሊገኝበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በገንዘብ የማይከፈለውም ውለታ ቢሆን በስም ሊጠራ ይገባል። የሜሪ ካድ ሎሚ በታሪኩ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነገረው ባሏና ባልደረቦቹ ስላልደበቁት ነው። ስም መጥራት ምንም ወጪ የለበትም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ በስሙ ላይ ይሠስታል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ፈጽሞ ሊሸጥ የማይገባው ዕውቀት አለ ወይ? የሚል ነው።

ካድ መጠጡን ባዘጋጀበት ዘመን ሌሎች ሐኪሞችም ስለ ጨው፣ ስለ ስኳርና ስለ ውሃ ያስቡ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ሮበርት ክሬን የሚባል ሊቅ በአንጀት ውስጥ ስኳርና ጨው አንዱ ሌላውን ይዞ እንደሚገባ ገለጠ፤ ውሃም እነርሱን ተከትሎ ይገባል። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሐኪሞች በ1968 ዓ.ም. በዳካ ከተማ የኰሌራ ሕሙማን ይህን ውሑድ በአፋቸው እየጠጡ ሊድኑ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1971 ዓ.ም. የባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች ወደ ሕንድ በጎረፉ ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ባንጋኦን በምትባል ስፍራ በሰፈራቸው ውስጥ ሲያክም በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ አለቀበት። ጨውና ስኳር በውሃ እየበጠበጠ ለሕሙማኑ ቤተ ሰዎች እንዲያጠጡ ሰጠ። ከመቶ 30 ያህል ሆኖ የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ ይህ ውሑድ በመላው ዓለም ተሠራጭቶ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ሰዎችን፣ ይልቁንም ሕፃናትን፣ ከሞት አድኗል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች በተቅማጥ ለሚሠቃይ ሕፃን የሚሰጠው፣ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» እያልን የምንጠራው በከረጢት ያለ ዱቄት ይኸው ነው።

ሁለቱ መጠጦች አንድ አይደሉም፤ የጨዋቸውና የስኳራቸው መጠን ይለያያል፤ የስፖርተኛው መጠጥም ለታመመ ሕፃን መድኃኒት አይሆንም። ሆኖም ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ዕውቀት የተቀዱ ናቸው። አንደኛው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሮያሊቲ ሲከፈልበት፣ ሁለተኛው ማንም እናት ለፈልሳፊው ሳንቲም ሳትከፍል ለልጅዋ የምታጠጣው ሆነ። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ስግብግቦች፣ ሁለተኞቹ ጻድቃን ናቸው ብለን እንፍረድ? እንዲህ ያለው ፍርድ የችኰላ ፍርድ ነው። ስፖርተኛ ጥሙን በሌላ መጠጥም ሊያረካ ይችላል፤ የሚገዛውም ወዶ ነው፤ ኩባንያውም ከዚያ ያተርፋል፤ ስለዚህ የትርፉ ተካፋይ መሆን ለፈልሳፊው ነውር አይደለም። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሕፃን ግን ገበያተኛ አይደለም፤ ምርጫም የለውም። ምርጫ ከሌለው ሰው ላይ ድርሻ መጠየቅ ድርሻ መሆኑ ቀርቶ ቀረጥ ይሆናል። መለኪያችን ይህ ይሁን፤ ተቀባዩ «አልፈልግም» ማለት በሚችልበት ነገር ላይ ፈልሳፊው በነጻነት ይዋዋል፤ ተቀባዩ «አልፈልግም» ለማለት በማይችልበት ነገር ላይ ግን ውሉ ከሕይወት በታች ይሁን። በነጻ የተሰጠውም ዕውቀት ቢሆን ወጪ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ መንግሥታትና ሕዝባዊ ድርጅቶች ለምርምሩ ከፍለዋል። ዕውቀት በነጻ እንዲሰጥ የሚፈልግ ማኅበረ ሰብ ዐዋቂዎቹን አስቀድሞ ማብላት አለበት።

ነገሩ ወደ አገራችን የሚደርስበት ሌላም መንገድ አለ። ቡና መጠጥ ነው፤ የቡናም ፈልሳፊ በስም አይታወቅም። ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን የቡና ዓይነቶች ለዚያ ጣዕም ያበቋቸው በብዙ ትውልድ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. እነዚህን ሦስት ስሞች በዩናይትድ ስቴትስ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋርም ብዙ ክርክር ተደረገ። በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተዋዋሉ። በዚያ ውል ኢትዮጵያ ለስሞቹ መጠሪያ የሮያሊቲ ገንዘብ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ኩባንያው የስሞቹ ባለቤት እርስዋ መሆንዋን እንዲቀበልና በፈቃድዋ እንዲጠቀምባቸው ነው።

ይህን ያዩ አንዳንዶች «ገንዘብ ካልተቀበሉበት ባለቤትነት ምን ይረባል?» ብለው ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ስሙ ቢከበርም የገበሬው ማጀት ካልሞላ ነገሩ ከግማሽ ላይ ቀርቷልና። ቢሆንም ላሙ የእርሱ መሆኑ ያልታወቀለት ሰው ስለ ጥጃው ሊከራከር አይችልም። ባለቤትነት መጀመሪያው ነው፤ ድርሻ የሚከተለው ከእርሱ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለት ከስሙ ክብር የሚገኘውን ዋጋ ለቀሚውና ለአጣቢው እንዲደርስ ማድረግ፣ የእኛው የራሳችን ሥራ ነው። የውጭ ኩባንያ ድርሻችንን ነፈገን እያልን ስንከራከር እኛም በመካከላችን ድርሻ የምንነፍገው ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባናል።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ዐዋጅ ቁጥር 123 ወጥቷል፤ ተቀጣሪ ሠራተኛ ስለሚያገኘው ፈጠራም በዚያ ተደንግጓል። ሕግ ግን የሚያገለግለው ላወቀው ሰው ነው። አንድ መምህር በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከተማሪዎቹ ጋር አዲስ ነገር ቢያገኝ፣ አንድ የእርሻ ባለሙያ በገበሬው ማሳ ላይ በገበሬው ምክር የተሻለ ዘር ቢያወጣ፣ ድርሻው የማን እንደሚሆን ከሥራው በፊት የተነጋገሩ ስንቶች ናቸው? ብዙውን ጊዜ በመካከላችን ስለ ድርሻ አስቀድሞ መነጋገር እንደ አለመተማመን ይቈጠራል። «በወንድማማች መካከል ውል ምን ያደርጋል?» እንላለን። ሆኖም ወንድማማቾች የሚጣሉት ያልተዋዋሉ ጊዜ ነው። ጥጃው ከተወለደ በኋላ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ክርክር ነው፤ ከመወለዱ በፊት የሚደረገው ግን ምክር ነው።

ስለዚህ ለሹማምንት የምንለው፣ በእጃቸው ባለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛው አንድ ነገር ሲፈጥር ምን እንደሚደርሰው የሚያስታውቅ ግልጽ ሥርዓት ያቁሙ፤ ገና ሳይሳካ የቀረበላቸውንም ዐሳብ ስለ ከሳ ብቻ አይናቁት ነው። ለመምህራን የምንለው፣ የተማሪውን ዐሳብ በራሳቸው ስም አይጻፉት፤ ተማሪው የጠየቀው ጥያቄ ቢሆን እንኳ በስሙ ይጥሩት ነው። ለተማሪዎች የምንለው ደግሞ፣ የጻፉትን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ባሰቡት ነገር ሲከብሩም ማን እንዳስተማራቸው፣ ማን እንደ ረዳቸው፣ የማን ግብር እንዳሳደጋቸው አይርሱ ነው።

የፈልሳፊው ድርሻ ስንት ነው? ብለን ጀምረን ነበር። ከመቶ ይህን ያህል ነው የሚል መልስ አላገኘንም፤ ለሁሉ ነገር የሚስማማ ቍጥርም ያለ አይመስለንም። ፍሎሪዳ ላይ 20ና 80 የሆነው በሌላ ስፍራ እኩል ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ስፍራም ሲሶ። ቍጥሩን የሚያጸድቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሀብቱ ገና ሳይመጣ መነጋገር፣ በጠረጴዛው ያልተቀመጡትን ማስታወስ፣ ምርጫ በሌለው ሰው ላይ አለመነገድ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ድርሻው ትንሽም ቢሆን የተካፈሉት ሰዎች በሰላም ይለያያሉ፤ ከሌሉ ግን ድርሻው ሙሉ ቢሆንም አንዱ ወገን ተቀምቶ መሄዱ አይቀርም።